ቀይ ርችት በሰማያዊ ማርሽ

ዊስቲን ጠዋት ወደ ማድ ቤት ሲገባ በበሩ መቃን ላይ በምስማር የተመታችውን ቁራጭ መዳብ በመዳፉ ይነካል። ማድ ቤቱ ውስጥ የሚፈነዳ ነገር የለም። ያለው ሚስቱ ጁዲታ የጣደችው ሻይ፣ ከትናንት የተረፈ ዳቦና የቲማቲም ድልህ ያለበት ጣሳ ነው። እጁ ግን ይህን አያምንም። ባሩድ ወዳለበት ቤት የሚገባ ሰው ልብሱ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ መዳብ ነክቶ ማራገፍ አለበት፤ ያላራገፈ አንዲት ብልጭታ ይዞ ይገባል፣ አንዲት ብልጭታ ደግሞ ለሁሉም ትበቃለች። ይህን በወጣትነቱ የተማረ እጅ በስተርጅና መለየት አቅቶት የገዛ ማድ ቤቱን እንደ ባሩድ ቤት ይፈራል።

«በሠርጋችን ማታ እንኳ መዳብ ሲፈልግ ነበር» ትላለች ጁዲታ እንግዳ ሲመጣ። ዊስቲን ፊቱ ይቀላል እንጂ አይክድም።

ዕድሜውን ሙሉ ቀን ቀን በመርከብ መጠገኛው ብረት ሲበይድ፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ከመንደሩ ውጪ በድንጋይ በታጠረው እርሻ መሃል ወዳለው «የእሳት ክፍል» ሲሄድ ኖረ። ርችት የሚሠራው እዚያ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ለቅዱሱ በዓል፣ ለመንደሩ ክብርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማዶ ያለውን ክበብ ለማብሸቅ ይሠራል።

ማዶ ያለው ክበብ ያልኩት የሰማያዊዎቹን ነው። በሐል ዱፋር ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ነው። ቀዮቹ የቅዱስ ሊዮናርዶ ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ የቅዱስ ዮሴፍ። ሁለት ክበብ፣ ሁለት የማርሽ ባንድ፣ ሁለት የእሳት ክፍል አለ። አደባባዩ ብቻ አንድ ነው፤ እሱንም ለሁለት ለመክፈል ያልተሞከረ ነገር የለም። ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ ቀይ ወይ ሰማያዊ ይሆናል፣ ክርስትና የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡ ደግሞ ይህ ነው፤ የአንዱ ወገን ማርሽ ሲመታ ሌላው ወገን ጀርባውን ይሰጣል። ቤት ያለ መስኮቱን ይዘጋል። መንገድ ላይ የተገኘ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ድንጋዩ ላይ አንዳች የሚነበብ ነገር እንዳገኘ ሰው ትክ ብሎ ያያል። ስድብ አይደለም፣ ጠብም አይደለም። ልጅ መራመድ ሲጀምር አብሮ የሚለምደው ነገር ነው።

ጁዲታ የተወለደችው ሰማያዊ ሆና ነው። አባቷ በሰማያዊዎቹ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ ይመቱ ነበር። ሴት ስታገባ የባሏን ቅዱስ ትከተላለችና እሷም ቀይ ሆነች። በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ባንዱ በበረንዳቸው ሥር ሲያልፍ ዊስቲን መስኮቱን ይዘጋል፤ እሷ ደግሞ ጣራ ላይ ወጥታ የተሰጣ ልብስ ትሰበስባለች። ልብሱ ደርቆ ይሁን ሳይደርቅ ዊስቲን ጠይቋት አያውቅም።

የዊስቲን ስም የሚነሳው በአንድ ርችት ነው። «ደረጃው» ይሉታል። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ በሙጫ የደረቀ እንደ ሕፃን የሚከብድ ጥቅል ነው። አንዴ ከተተኮሰ ሰማይ ላይ ስምንት ጊዜ ይፈነዳል፤ አንዱ ፍንዳታ ከሌላው ከፍ እያለ፣ ቀለም እየለወጠ፣ አንድ ሰው ደረጃ እየወጣ መብራት የሚያበራ ይመስላል። በፍንዳታዎቹ መካከል ያለው ዝምታ ነው ጥበቡ። ወጣቶቹ ዝምታውን በማሽን ይለካሉ። ዊስቲን እሳቱን ከአንዱ ፍንዳታ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን ክር በቢላዋ ሲቆርጥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በትንፋሹ ይለካል።

ነገሩ የተበላሸው በታላቁ ወደብ በየጸደዩ በሚደረገው ውድድር ሰበብ ነው። ከየአገሩ ርችት ሠሪዎች መጥተው፣ ባሕሩ ላይ ከቆሙ ጠፍጣፋ ጀልባዎች እየተኮሱ፣ እሳታቸውን ከሙዚቃ ጋር አጋጥመው ይወዳደራሉ። ዘንድሮ ሁለቱም የሐል ዱፋር ክበቦች ለመወዳደር ጠየቁ። አዘጋጆቹ የመለሱት አጭር ነው፦ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ወይ አብራችሁ ኑ፣ ወይ ለሌላ መንደር ይሰጣል።

ለሌላ መንደር! ይህማ አይታሰብም። ቀዩ ሰማያዊውን ይጠላል፣ ሰማያዊውም ቀዩን፤ ጎረቤት መንደርን ግን ሁለቱም አብረው ይጠላሉ። ተስማሙ። መጀመሪያ በቀዮቹ ማርሽ የቀዮቹ ርችት ይወጣል፣ ቀጥሎ በሰማያዊዎቹ ማርሽ የሰማያዊዎቹ። ማንም ከማንም ጋር አይነካካም። ርችቱን ከሙዚቃው ጋር አጋጥሞ በሚተኩሰው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው የሰማያዊዎቹ ወጣት ክሌይተን ሆነ፤ ከሁለቱም ወገን እሱን የሚያህል ስላልነበረ።

በክረምቱ ማዕበል የሰማያዊዎቹ ማከማቻ ውኃ አስገባ። ለመዝጊያው ያዘጋጁት ትልልቁ ርችት ሁሉ ረጠበ። ጊዜው ደግሞ ደርሷል። ክሌይተን አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የዊስቲንን በር አንኳኳ። አንድ ሰማያዊ በዚያ በር ሲገባ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«አጎቴ ዊስቲን፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። እንደ ሰማያዊ ሳይሆን እንደ ሰው።»

«ሰማያዊ ሰው መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ኧረ ሰው ነን!» አለች ጁዲታ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «ቁጭ በል ልጄ። ዳቦ ልቀባልህ።»

ክሌይተን ቁጭ አለ፤ ዳቦውን ግን አልነካም። «ማርሻችን መጨረሻው ላይ አንድ ቦታ አለችው» አለ። «ባንዱ በሙሉ ዝም ይልና ትልቁ ከበሮ ብቻውን ስምንት ጊዜ ይመታል። ዝግ ብሎ። ምቱ እኩል እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ ይዘገያል። እዚያች ላይ የምትሆነው ደረጃው ብቻ ናት። ሌላ ነገር ብንተኩስ እናፍራለን።»

«እፈሩ።»

«አጎቴ፣ ስናፍር እኮ አብረን ነው። ስሙ ሐል ዱፋር ነው የሚባለው።»

ይህን ሲል ስልኩን አውጥቶ ማርሹን ከፈተው። ዊስቲን ወንበሩ ላይ እንዳለ ዞረና ከግድግዳው ጋር ተፋጠጠ።

«አጎቴ! ስልክ ነው እኮ!»

«ይሁና» አለ ዊስቲን ለግድግዳው።

ከበሮው ጀመረ። ዊስቲን ይህን ማርሽ መስኮት እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ መጨረሻውን ሰምቶት አያውቅም። አሁን መጨረሻው መጣ፤ አንድ፣ ዝምታ፣ ሁለት፣ ረዘም ያለ ዝምታ። ከንፈሩ ሳያዘው ተንቀሳቀሰ፣ ክር ሲቆርጥ እንደሚያደርገው። ጁዲታ ሳህን የምታጥብበት ውኃ መፍሰሱን አቆመ። ሙዚቃው አልቆ ሲዞር፣ ሚስቱ የረጠበ ሳህን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ውኃው በሽርጧ ላይ እየወረደ ቆማለች።

«አስብበታለሁ» አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አላወቀም። ሊል የነበረው «ውጣልኝ» ነበር።

በሐል ዱፋር ወሬ ከዳቦ ቀድሞ ይደርሳል። በማግስቱ የቀዩ ክበብ ሊቀ መንበር ሮሚልዶ ክበቡ ውስጥ ባንኮኒው ጋ ጠበቀው። ሮሚልዶና ዊስቲን አብረው ያደጉ ናቸው።

«ሰማሁ» አለ ሮሚልዶ።

«ምኑን?»

«ደረጃውን ለዮሴፍ ልታውሰው ነው አሉ።»

«አስብበታለሁ ነው ያልኩት።»

«ይኼ ምን ይታሰባል? ‹ሚስቴን ላውስ ወይ› ብሎ የሚያስብ አለ?» በዙሪያው የነበሩት ሳቁ።

«ሮሚ፣ የእኔ እጅ ሥራ ነው።»

«ወረቀቱ የክበቡ። ባሩዱ የክበቡ። ሲባጎው የክበቡ።»

«እጁስ?»

«እጅህም የክበቡ ነው!» አለ ሮሚልዶ ሳይስቅ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ። በነሱ ማርሽ ላይ ከወጣች የእሳት ክፍሉን ቁልፍ እዚችው ባንኮኒ ላይ አስቀምጠህ ትሄዳለህ። እኔ አይደለሁም የምልህ፤ ሁሉም ናቸው።»

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። የሱሪዎቹ ሁሉ ቀኝ ኪስ በዚያ ቁልፍ ክብደት የተቀደደ ነው፤ ጁዲታ ስትጠግነው ትኖራለች። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት የሚነሳበት ሌላ ምክንያት የለውም። ያንን ቁልፍ ከሰጠ የት ይሄዳል? አደባባይ ላይ ተቀምጦ ርግብ ሊቆጥር ነው?

ከዚያ በኋላ ልቡ ሁለት ሆነ። ጠዋት ዳቦ ቤት በር ላይ ክሌይተንን አግኝቶ «አይሆንም፣ በቃ» አለው። ከሰዓት በኋላ ደውሎ «የከበሮውን ድምፅ ላክልኝ» አለው። ማታ ደግሞ «ለማየት ያህል ብቻ ነው፣ ቃል አልገባሁም» የሚል መልእክት ላከ። ልጁ ምን ብሎ እንደሚመልስ ቸገረው፤ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ላከለት። ዊስቲን ምልክቷን ገልብጦም አቅንቶም አያት፤ «እሺ» ትሁን «ይቅርብህ» አልገባውም።

በመጨረሻ ሚስቱን ጠየቃት። ጣራ ላይ አንሶላ እየዘረጉ ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እሱ ይዘው።

«ምን ላድርግ?»

«እንዳሻህ።»

«እንዳሻህ አትበይኝ ጁዲ! የሚያሻኝን ባውቅ እጠይቅሽ ነበር?»

ጁዲታ አንሶላውን ዝቅ አደረገችው። «የአባቴን ቀብር ታስታውሳለህ?»

«እንዴት አላስታውስም?»

«ባንዱ መቃብሩ ጋ ማርሹን መታለት። ከበሮው ጋ ሲደርሱ ማንም አልመታም፤ የሱ ቦታ ናትና ስምንቱን ምት ዝም ብለው አሳለፉት። አንተ ከጎኔ ቆመሃል። ጀርባህን ሰጥተሃል።»

ዊስቲን ዝናብ እንደነበር፣ ጥላውን እሱ እንደያዘ ያስታውሳል። ወዴት ዞሮ እንደነበር ግን አያስታውስም።

«አላደረግሁትም» አለ።

«አድርገሃል። አልተቀየምኩህም፣ ደንብ ነው። ጥላውን እንኳ አላነሳህብኝም፤ ወደ ኋላ ዞረህ እጅህን ብቻ ወደኔ ዘርግተህ ያዝክልኝ።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «አሁን ግን ከጠየቅኸኝ፣ አንዴ፣ በአባቴ ምት ላይ ያንተን እሳት ባየው ደስ ይለኛል። አንተም ብታየው። ፊት ለፊት።»

«እናየዋለን» አለ ዊስቲን። «ቃሌ ነው። ፊት ለፊት።»

ሠራው። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሌላ ጊዜ እጁን የሚያዘው እሱ ነው፤ አሁን እጁ ቀድሞ ያውቃል። የከበሮውን ምት በአፉ እያጉረመረመ ክሩን ይቆርጣል፣ ወዲያው ደግሞ የእሳት ክፍሉ ግድግዳ እንዳይሰማው ይደነግጣል፤ በዚያ ክፍል ያንን ማርሽ ያጉረመረመ ሰው ከቶ የለም። ከዳተኛ ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ነበረበት። የሱ ግን ጸንቷል። ይህ ነው ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባው፤ ጥፋት ከሆነ እንዴት እንዲህ ያምራል? ጥፋት ካልሆነስ ለምንድን ነው ሌላው ሲመጣ በጨርቅ የሚሸፍነው?

የውድድሩ ቀን ጠዋት ወደ ክበቡ ሄዶ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አኖረው። ሮሚልዶ አልነካውም። «ተው አንተ፣ አትልከስከስ» አለው። «ገና ቀን ነው። ሃሳብህን ለውጥ።» ዊስቲን ወጣ። ኪሱ ቀለለውና አረማመዱ ተበላሸበት።

ሲመሽ ወደቡ በሰው ተሞላ። መጀመሪያ የተኮሱት ጣሊያኖች ነበሩ። ሐል ዱፋሮች ቀይ ሰማያዊ ሳይሉ እጃቸው እስኪቃጠል አጨበጨቡላቸው፤ ጣሊያን የማንም ወገን አይደለማ። ቀጥሎ የመንደሩ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራና የቀዮቹ ማርሽ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ከወደቡ ዳር ካለው የምሽግ ግንብ ሥር የቆሙት ሰማያዊዎች በሙሉ፣ አያት ከነልጅ ልጁ፣ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጡ። በመካከላቸው የነበረች ቱሪስት ከኋላቸው ሌላ ትርኢት ያለ መስሏት አብራ ዞረች። ቀዩ ርችት በሰማያዊዎች ማጅራት ላይ አበራ፣ ጨለመ።

ከዚያ የሰማያዊዎቹ ማርሽ ተከተለ። አሁን ሰማያዊዎቹ ወደ ባሕሩ ዞሩ፣ ቀዮቹ ደግሞ ወደ ግንቡ፤ ተኳርፈው አንድ አልጋ ላይ እንደሚገላበጡ ባልና ሚስት። ዳኞቹ ከሩቅ ሆነው ይህ መንደር በርችት መሃል የሚጨፍረው ምን ዓይነት ጭፈራ እንደሆነ ሳይጠይቁ አልቀሩም።

ከበሮው ብቻውን ቀረ። ደረጃው ወጣ።

ቀዮቹ አላዩትም፤ ግን ሰሙት። የደረጃውን ድምፅ የማያውቅ ቀይ የለም።

«አባዬ፣ ይኼ የኛው ደረጃ አይደል እንዴ?» አለች አንዲት ሕፃን።

«ግድግዳውን እዪ አንቺ!»

«ግድግዳው ምንም የለውም እኮ።»

የሮሚልዶ ማጅራት በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ ይዞር እንደነበር ከጎኑ የነበሩት መስክረዋል። ግን እስከ ባሕሩ ድረስ አልዞረም። በቀዮቹ ረድፍ ፊቷን ለባሕሩ የሰጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጁዲታ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ስምንቱንም አየች።

ሐል ዱፋሮች ሁለተኛ ወጡ። ዋንጫውን የት እንደሚያኖሩት ግን የሚያስማማ ጠፋ። ቀዮቹ «በደረጃው ነው ያገኘነው» ይላሉ፤ ሰማያዊዎቹ «በማርሻችን» ይላሉ። በመጨረሻ ለሁለቱም ዳቦ የሚሸጠው ጋጋሪ ወሰደው፤ ዛሬም ከዱቄቱ ከረጢት በላይ መደርደሪያ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ሰማያዊዎቹ ዊስቲንን አደባባይ ላይ አቅፈው ሳሙት። እጆቹን የት እንደሚያኖር አላወቀም። የሚያጨበጭቡት ለሱ ይሁን ለቅዱስ ዮሴፍ አልገባውም፤ ወደ ክበባቸው ሲጋብዙትም እሺም እንቢም ሳይል ቀረ።

በሳምንቱ ሮሚልዶ ራሱ ቤቱ መጣ፤ ቁልፉን ይዞ። ጁዲታ ሻይ ቀዳችለት።

«ወንድሜ፣ ተነጋግረናል» አለ። «ርችቱን አበደርክ፣ እሺ፣ ለመንደሩ ነው እንበል። ግን አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ማርሹ ሲመታ የት ዞረህ ነበር? ጀርባህን ሰጥተህ ከሆነ ቀይ ነህ፣ አለቀ። ‹አላየሁትም› በለኝና ቁልፍህን ተቀበል።»

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ በዳቦውና በሻዩ መካከል ነበር። ጁዲታ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች።

«አየሁት» አለ ዊስቲን።

«እስቲ አስበህ መልስ…»

«አየሁት አልኩህ እኮ። ፊት ለፊት። ስምንቱንም።»

ሮሚልዶ ቁልፉን አነሳ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ጁዲታ ስታልፍ የባሏን ትከሻ ነካ አድርጋ ወደ ሳህኖቿ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዊስቲን የእሳት ክፍሉን አልረገጠም። አንዳንድ ቀን በእርሻው መንገድ እስከ ድንጋይ አጥሩ ይሄድና ይመለሳል። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ፣ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር።

ለደብሩ መጽሔት ታሪኩን ልትጽፍ ለመጣችው ልጅ ይህን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ልትወጣ ስትነሳ እስከ በሩ ተከትሏት ሄደና ጁዲታ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ነገር ጨመረላት፤ ጨምሮላትም «ይህቺን ግን ተያት» ብሎ ለመናት። መጽሔቱ ላይ የለችም።

ነገሯ ይህች ናት፦ በውድድሩ ማታ ዊስቲን ወደቡ ጠርዝ ላይ ከክሌይተን ኮምፒውተር አጠገብ ቆሞ ነበር። የሰማያዊዎቹ ማርሽ ሲጀምር እግሮቹ ሳይጠይቁት ዞሩ። ከምሽጉ ግንብ ጋር ተፋጠጠ። ድንጋዩ ሲበራና ሲጨልም አየ፤ ቀለሙን መለየት አልቻለም። «አጎቴ፣ ወጣች እኮ! አጎቴ ዊስቲን!» ይላል ክሌይተን ከኋላው። ዊስቲን ለመዞር አንገቱን ታገለው፤ አንገቱ እምቢ አለው። በስተመጨረሻ ሲዞር ባሕሩ ላይ የቀረው ጭስ ብቻ ነበር።